ከአባቱ እጅ የገዛት መኪና

በሩቁ የሰሜን በረዶ አገር፣ በኮርፒኩላ መንደር ዳር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው ቀይ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር። አባት፣ እናትና ልጅ። አባትና ልጅ አይነጋገሩም። እናቲቱ ሄልካ ከአንዱ አፍ ተቀብላ ወደ ሌላው ጆሮ ቃል ስታመላልስ ጉልበቷ አለቀ። «እማ፣ መዶሻውን የት እንዳደረገው ጠይቂልኝ።» «ሄልካ፣ ያ ልጅ ጫማውን ከበሩ ላይ ያንሳ በይው።» ይህን የሚሉት ተራርቀው እንዳይመስላችሁ! አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበታቸው እየተነካካ፣ ድንቹን ከአንድ ድስት እያወጡ ነው። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። ኋላ ታለቅስ ጀመር። በመጨረሻ ሳቁም ለቅሶውም ቀረና እንደ ፖስተኛ ቃሉን ብቻ ታደርስ ጀመር። አይ ሄልካ!... ምነው እስከ መጨረሻው ባደረሰች!

ባሏ ታኔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀን መሰንጠቂያው ውስጥ ግንድ ሲገፋ ይውላል፤ ሲመሽ ጎተራው ውስጥ ገብቶ የውድድር መኪና ይሠራል። የዚያ አገር ድሃ የእሑድ ደስታው ይኼው ነው፤ «የማንም ሰው ውድድር» ይሉታል። አሮጌ መኪና ይገዛሉ፤ መስታወቱንና የኋላ መቀመጫውን አውጥተው ይጥላሉ፤ ብትገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ ውስጧን በወፍራም ቱቦ እንደ ጎጆ ማገር ያስሩታል። ከዚያ በጠጠር መንገድ ላይ መጋፋት ነው። ሀብታም በገንዘቡ ድሃውን እንዳይበልጠው ደግሞ አንድ ሕግ አለ። የሁሉም መኪና ዋጋ አንድ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ የውድድር ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የወደዳትን መኪና ጠርቶ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ይከታል። ፈላጊ ከበዛ ዕጣ ይወጣል። ባለቤቱ «አልሸጥም» ካለ ፈቃዱን ይነጠቃል። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሰው መኪናውን አይወድም። ይነዳል፣ ይሸጣል፣ ሌላ ይሠራል።

ታኔሊ ግን መውደድ ልማዱ ነበር። ሰው የማያየው ብሎን ካልጠበቀ እንቅልፍ አይወስደውም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ጣቱ እየደነዘዘ ይሠራታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ነድቷት ያሸንፋል፤ ወዲያው አንድ የማያውቀው ጎረምሳ ዕጣ ወጥቶለት እየሳቀ ይዟት ይሄዳል። አንድ ዓመት ሆነ። ደገመ። በሦስተኛው ዓመት በሰው መኪና ለምኖ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው አንድ ልጁ ሳምፖ በር ላይ ጠበቀው።

«አባዬ፣ ቀጥሎ ለእኔ እንሥራ። ፈቃድ ላወጣ ነው።»

ልጅ ጊዜ አይመርጥ!

«ለአንተ?» አለ ታኔሊ። «ለቀማኛ ስሠራ ኖሬ አሁን ደግሞ መፍቻ መያዝ ለማያውቅ ልሥራ?»

«መቼ አስያዝከኝ? በነካሁት ቁጥር ከእጄ ትነጥቀኛለህ!»

«ሂድና ግዛ። እንደ ሰዉ።»

«እገዛለሁ! ካንተ አንዲት ብሎን ብለምን ሳምፖ አትበለኝ!»

ቃል የተቋረጠው ያን ዕለት ነው። ልጁ ጥቂት ወራት በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆየና ወደ ቫሳ ከተማ ሄዶ ቲማቲም የሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲያ ሄልካ ቃሉን በስልክ ታመላልስ ጀመር። «አባትህ ጤና ነው ወይ ይልሃል» ትላለች፤ እሱ ግን አላለም ነበር። «ልጅህ ሰላም በይልኝ ብሎሃል» ትለዋለች፤ ልጁም አላለም ነበር። እናት ምን ታድርግ? በሌለ ሰላምታ ቤቷን ለማቆም ትታገል ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ፤ ታኔሊም መኪና አልሠራም። ከዚያ መሰንጠቂያው ተዘጋ። ታኔሊ ግንድ ስትገፋ የኖረች እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ሲያይ ሰነበተ። አንድ ቀን ተነሥቶ ከሰው ጎተራ ውስጥ ዝጋ የቀረች አሮጌ ኮሮላ ጎትቶ መጣ። ያን ወቅት መኪና ሲሠራ እንደ ወትሮው አያፏጭም። ሞተሩን ፈታቶ አጠበው፤ እንደ አዲስ ዘመረ። ቀለሟን ሰማያዊ፣ ጣሪያዋን ቢጫ አደረገው። ማገሩንም ከጥሩ ቱቦ በየደው፤ ይታያላ! የማይታየው ግን የማገሩ እግሮች የሚያርፉበት ወለል ነው። ዝገት በልቶት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። የድሮው ታኔሊ ቢሆን ያን ቆርጦ አውጥቶ በወፍራም ላሜራ ይተካው ነበር። የአሁኑ ታኔሊ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላው፤ አሸት አሸት አደረገው፤ በላዩ ጥቁር ቀለም ደፋበት። ይህቺን መኪና እንዲወስዱበት ብሎ ነው የሠራት። ሦስት ዓመት ልፋቱን ለወሰዱበት የተዘጋጀች ወጥመድ ነበረች።

ሄልካ ትኩስ ሾርባ ይዛለት ስትገባ ስቱኮውን ሲያላቁጥ ደረሰች።

«ዘንድሮ ብረት አልገዛህም እንዴ?»

«ለማን ብዬ? ለሚወስዳት? ሞተሯ ይዘምርለት፣ ቀለሟ ያብረቅርቅለት። ከዚያ በታች ያለውን ራሱ ይወቅበት።»

«እንዴ ታኔሊ፣ ይሄ ደግሞ...»

«በሩን ዝጊው፤ ብርድ አስገባሽ።»

ሄልካ በሩን ዘጋችው። ስለ ወለልና ስለ ብየዳ ምን ታውቃለች? ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ብቻ ነበር ያሰበችው... አቤት ያቺ በር! ስንት ዘመን በሕልሟ መልሳ ስትከፍታት ኖረች!

ጠጠሩ ከበረዶ ሲወጣ ሳምፖ ደወለ። «እማ፣ ፈቃዴን አገኘሁ! እሑድ አሮጌው የጠጠር ጉድጓድ ጋ ውድድር አለ። ነይና አብረን እንምረጥ።» ሄልካ ከጫካ ፍሬ ለቅማ ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ፣ ለባሏ ሳትነግረው፣ ከልጇ ጋር በመኪኖቹ መሃል ትዞር ጀመር። ልጁ ረዝሟል። ጢሙ ሊወጣ ብሎ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ታኔሊ ወዲያ ማዶ ኮፈኑን ከፍቶ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

«ይቺስ? መቀመጫዋ ያምራል» አለች ሄልካ አንዲት ትልቅ ጥቁር መኪና እያሳየችው።

«እማ፣ ሶፋ ልንገዛ ነው እንዴ የመጣነው? እሷ ከባድ ናት፤ ኩርባው ላይ ይዛኝ ጫካ ትገባለች። ዕቃዋም እሳት ነው።»

«እሺ ቀይዋስ?»

«ጥሩ ነበረች። ግን ፍሪሲዮኗ ተቃጥሏል። አልሸተተሽም?»

«እኔ የሸተተኝ ቋሊማ ነው።»

«ርቦሻል በይኛ!» ቋሊማ ገዛላትና እያኘኩ ቆሙ። «አየሽ እማ፣ ጀማሪ ሰው ቀላል መኪና ነው የሚያስፈልገው። ዕቃዋ በየጓሮው ተጥሎ የሚገኝ፣ ብትጋጭ የማታስለቅስ። ደግሞ መሥራት ካልቻለ ስትሮጥ በዓይኑ ያያትን ይውሰድ።» በዚህ መሃል ሰማያዊዋ ኮሮላ ኩርባውን እየዘመረች ዞራ አለፈች። ሳምፖ ማኘኩን ተወ። «ከነዚህ ሁሉ ውስጥ የማን ብየዳ እንደሆነ የማውቀው አንዲት መኪና ብቻ ናት» አለ።

ሄልካ ልቧ ዘለለ። «የሱን?»

«‹ሂድና ግዛ› አይደል ያለኝ? ከሱው እገዛለሁ። ስሜ ሲጠራ ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ... ‹ማርሿ ታስቸግራለች፣ እንዲህ አድርገህ ያዛት› ማለቱ አይቀርም አይደል እማ? ስለ መኪና ከሆነ ሳያወራ አያልፍም።»

ሄልካ አቅፋው አለቀሰች። ሁለት ዓመት የቆመው ግንብ በአንዲት መኪና ሊፈርስ ነው ብላ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ልጁ ሄዶ በመኪናዋ መስኮት ጎንበስ አለ፤ ማገሩን በእጁ ነቀነቀው፤ «ይሄ ዝሆን ይሸከማል!» አለ። ወለሉን አላየም። የማያውቀው ሰው መኪና ቢሆን ተንበርክኮ ከሥር በመፍቻ ያንኳኳ ነበር። የአባትን ሥራ ማን ያንኳኳል? የመኪኖቹ መርማሪ ካርሎም ቢሆን መች አንኳኳ? ያ ሽማግሌ ጠዋት ማገሩን በመዳፉ መታ አድርጎ «የታኔሊ እጅ አይደል!» ብሎ የማለፊያ ምልክቱን ለጥፎላት ሄዷል።

ውድድሩ አለቀ፤ ሰዉ ሳጥኑን ከበበ። ሰማያዊዋን የፈለጉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ካርሎ እጁን ከተተና አንዲት ወረቀት አወጣ፤ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ «ሳምፖ ሃውታላ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ!

«ታኔሊ! ልጅህ ከገዛ ጓዳህ ገዛብህ!»

«ቅናሽ አድርግለት እንጂ አንተ ቋጣሪ!»

ታኔሊ ግን ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። «አልሸጥም» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። «ታኔሊ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ» አለ ካርሎ። «ፈቃድህን ታጣለህ። ዳግመኛ አትነዳም።»

«ውሰዱት።»

ሳምፖ ወደ አባቱ ተጠጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። «ለማያውቁህ ሰዎች ሦስት መኪና ሸጠሃል። የኔ ስም ሲወጣ ግን ፈቃድህን ትጥላለህ? ይህን ያህል ነው የምትጠላኝ?»

ታኔሊ አፉን ከፈተ። «ወለሏ በስባሳ ነው፤ አጭበርብሬአለሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሕፃን ይለዋል! ነገር ግን ዕጣ ያጡት ሁለቱ ሰዎች ቆመው ያዩታል፤ ካርሎ ያየዋል፤ «የታኔሊ እጅ» ሲል የኖረ ሰው ሁሉ ያየዋል። ስም የሚባለው ነገር ጉሮሮው ላይ ተቀመጠና ቃሏን አነቃት። ያን ጊዜ ሄልካ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች።

«ሽጥለት!» አለችው። «ሽጥለት ታኔሊ! በዕድሜህ አንድ ቀን እንኳ ለዚህ ልጅ አንድ ነገር ስጠው፤ ያውም በገንዘቡ! እምቢ ካልክ እኔ ዛሬ ወደዚያ ቤት አልመለስም፤ ይህን ሰው ሁሉ ይስማኝ!»

ታኔሊ አያት። እንዴት ያለ አስተያየት ነበር! እንደሚሰምጥ ሰው ነበር ያያት፤ እሷ ግን እልህ መሰላት። ከዚያ ብዕሩን ወስዶ ፈረመ።

ቤት እንደገቡ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ሄልካ፣ ያ ልጅ ከመወዳደሩ በፊት መኪናዋን እዚህ ያምጣት በይው» አላት።

«ለምን?»

«የማስተካክላት ነገር አለ።»

«ምን?»

«አለ አልኩሽ!»

መኪናዋን ሊያስቀርበት ነው አለች በልቧ። ደሟ ፈላ። «ራስህ ንገረው» አለችው። «ሁለት ዓመት ምላሴ የናንተ ምላስ ሆኖ ከረመ። በቃኝ። አፍ አለህ፣ ስልኩ ያውልህ። ልጅህ ነው። ራስህ ንገረው!»

ሄልካ አንዴ አልኩ ካለች አለች ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታኔሊ ስልኩን ሲዞረው ሰነበተ። አንድ ቀን ማጀት ሆና ሲደውል ሰማችው። «ሃሎ? ማነው?» የሚለው የልጇ ድምፅ እስከ እሷ ድረስ ተሰማ። ታኔሊ ተነፈሰ... ተነፈሰና መልሶ ዘጋው። ቅዳሜ ሳምፖ ራሱ ደውሎ፣ «እማ፣ አንድ ሰው እየደወለ ዝም ይላል። እሱ ይሆን እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ነገ ይመጣል?» መልእክቷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አባትህ መኪናዋን ወደ ቤት አምጣ ብሎሃል። ይቺው ናት! ግን ዋጠቻት። ራሱ ይንገረው አለች፤ ሊነግረው ጫፍ ደርሷል፤ አሁን እኔ ከገባሁበት መቼም አይታረቁም አለች። ለበጎ ብላ ነበር። ስንቱ መቃብር ነው «ለበጎ» ተብሎ የተቆፈረ!

እሑድ ሲነጋ ታኔሊ መበየጃውንና አንድ ወፍራም ላሜራ መኪናው ላይ ሲጭን አየችው። «ዛሬ እነግረዋለሁ» አላት። ሄልካ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ራት የሚሆን ዓሣ ከማቀዝቀዣው አወጣች፤ ለሦስት ሰው። አብረው ሲደርሱ ግን መንገዱ ላይ የተመልካች መኪና ተሰልፎ አላስገባ አላቸው። ታኔሊ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን በርግዶ ወርዶ ሮጠ። ሰማያዊዋ ኮሮላ መነሻው መስመር ላይ ነበረች። ባርኔጣውን እያውለበለበ፣ ስሙን እየጠራ፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሮጠ። የሞተሮቹ ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ሳምፖ ዞር ብሎ አየው። አባቱ! አባቱ ሊያበረታታው መጥቶ እንደ ልጅ ሲሮጥለት! የራስ ቁሩ ውስጥ ዓይኑ ሳቀ። እጁን በመስኮት አውጥቶ ከፍ አደረገለት።

ያን ጊዜ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ አንዷ መኪና ከጎን ነካቻት፤ ኮሮላዋ አንዴ ብቻ ተገለበጠች። እንዲህ ያለ መገልበጥ በየውድድሩ አለ። ልጆቹ በመስኮት ተስበው ይወጣሉ፤ አቧራቸውን ያራግፋሉ፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ያን ዕለትም ሰዉ ለማጨብጨብ እጁን አንሥቶ ነበር። ሄልካም አንሥታ ነበር። ታኔሊ ብቻ፣ መኪናዋ ገና በአየር ላይ ሳለች፣ በጉልበቱ ወደቀ። ሄልካ የመጣውን ያወቀችው ከመኪናዋ ሳይሆን ከባሏ ጉልበት ነው። የማገሩ እግሮች ወለሉን በስተው ወደ ታች ሰመጡ፤ ጣሪያው ወረደ። ከዚያች መስኮት ማንም ተስቦ አልወጣም።

«ምን አደረግክ?» አለችው ሄልካ ትከሻውን ይዛ እየናጠችው። «ታኔሊ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ስቱኮ ነው...» አለ። «ከሥሩ ስቱኮ ነው ሄልካ... ልነግረው ነበር...»

ያኔ ጎተራው ታያት። ሾርባው። በሩ። «ሽጥለት!» ብላ የጮኸችበት የገዛ ድምፅዋ። ዋጥ ያደረገቻት መልእክት። ማንን ትርገም? እሱን ብትረግም እሷም አለችበት። ራሷን ብትረግም ዝገቱን የሸፈነው እጁ ከፊቷ ተንጠልጥሏል። ልጇ እንደ እንግዳ ሰው ቢጠራጠራቸው ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ የገደለው ማመኑ ነው! ለዚህ ምን ዓይነት እንባ ይበቃል?

ታኔሊ ያን ዕለት ለካርሎም ለፖሊስም ሁሉንም ተናገረ። በአጥር ጥግ ሲሮጥ ያልወጣለት ቃል አሁን እንደ ውሃ ፈሰሰ። ለማን ሊጠቅም! ካርሎ ከዚያ በኋላ መኪና መርምሮ አያውቅም። ፍርድ ቤቱ የፈረደውን ፈረደ። ታኔሊ የተፈረደበትን ጨርሶ ወደ ቀይዋ ቤት ሲመለስ ሄልካ በሩን አልዘጋችበትም፤ ምግብም አልከለከለችውም። ድስቱን መሃል ላይ ታስቀምጣለች፤ እሱ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ ድንች ያወጣሉ። ቃል የሚያመላልስ ሦስተኛ ሰው የለም።

የገና ዋዜማ መጣ። በዚያ አገር የገና ዋዜማ ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ሄዶ ለሙታኑ ሻማ ያበራል፤ በረዶው ሜዳ በብርሃን ይሞላል። ሄልካ ሻማዋን ይዛ ስትወጣ ታኔሊ ከኋላዋ ተነሣ። እስከ መቃብር ቦታው በር ድረስ ተከተላት። በሩ ላይ ቆመና የራሱን ሻማ ዘረጋላት።

«ውሰጂልኝ» አለ። «አባትህ... አባትህ ይቅርታ ብሎሃል በይልኝ።»

ሄልካ ሻማውን አየችው። እጁን አየችው። ብየዳ የሚያውቀው፣ ዝገቱን የሸፈነው ያ እጅ። አዘነችለት? ማን ያውቃል። ሌላ ሴት ብትሆን ትቀበለው ነበር።

«ራስህ ንገረው» አለችው።

ብቻዋን ገባች። ታኔሊ ያልበራውን ሻማ ይዞ በሩ ላይ ቀረ፤ በረዶ ትከሻው ላይ ወረደበት፤ አንድ እርምጃ አልጨመረም። ሄልካ ከድንጋዩ ፊት ተንበርክካ በረዶውን በባዶ እጇ ጠረገች። ሻማዋን አበራች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ አፏን ከድንጋዩ አስጠግታ፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው ቀስ ብላ፣

«ሳምፖዬ» አለች። «ከመወዳደርህ በፊት መኪናዋን ወደ ቤት አምጣት ብሎሃል። አባትህ ነው ያለህ። የሚያስተካክለው ነገር አለ።»

ዕድል የሚሉት ነገር ከሰማይ የሚወርድ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን እዚሁ፣ አፋችን ውስጥ ተቀምጦ «አውጡኝ» እያለ ይለምነናል። እኛ በእልህ እንውጠዋለን። መልእክቷም ደረሰች... ተቀባዩ ከሄደ በኋላ።